እንግዳው ሰብሮ ሲሄድ ማን ይከፍላል?

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ እንግዳው ቁልፉን ትቶ ይወጣል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላው ይገባል። በመሃል ያለው ሰዓት የእናንተ ነው። አንሶላ ትቀይራላችሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን ታጥባላችሁ፣ ከዚያ ሶፋ ላይ የተጣለውን ትራስ ስታነሱ ሥሩ በሲጋራ ተቃጥሎ ታገኙታላችሁ። በዱባይም ሆነ በሌላ ከተማ ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ አፓርታማዎችን የምታጸዱ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፦ «ማን ነው ያቃጠለው?»

ጥያቄው የሚነሳው ገንዘብ ስላለበት ነው። እ.አ.አ. በ2011 በሳን ፍራንሲስኮ ቤቷን በኤርቢኤንቢ በኩል ያከራየች አንዲት ሴት ከጉዞ ስትመለስ ቤቷ ተበርብሮ ጠበቃት። የተቆለፈ ቁም ሳጥን ተሰብሮ የአያቷ ጌጣጌጥ ሳይቀር ተወስዷል። ታሪኩ በመላው ዓለም ሲወራ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ለአከራዮች እስከ 50 ሺህ ዶላር የሚደርስ ዋስትና አወጣ። በዓመቱ ጣሪያውን ወደ 1 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። ዛሬ ኤርከቨር በሚባለው አሠራር ጣሪያው 3 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ገንዘቡ ግን ዝም ብሎ አይመጣም። አከራዩ እንግዳው ከወጣ በ14 ቀን ውስጥ ፎቶ ወይም ቪዲዮ፣ ደረሰኝ ወይም የጥገና ዋጋ ግምት አያይዞ ይጠይቃል። ጥያቄው መጀመሪያ ለእንግዳው ይደርሰዋል፤ መልስ ለመስጠት 24 ሰዓት አለው። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ አከራዩ ጉዳዩን ለኩባንያው ያቀርባል። ጥሬ ገንዘብ ጠፋ ቢባል አይከፈልም፤ በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ምንጣፍም አይከፈልበትም። የሲጋራ ሽታ ለማስወጣት የወጣ ተጨማሪ የጽዳት ወጪ ግን ሊጠየቅበት ይችላል።

እናንተን የሚመለከተው ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኩባንያው የሚከፍለው ያበላሸው እንግዳው፣ አብሮት የገባ ሰው ወይም የእንግዳው የቤት እንስሳ ሲሆን ነው። አጽጂ የሰበረችው ብርጭቆ በዚህ አይካተትም። ስለዚህ «አጽጂዋ ናት» ከተባለ አከራዩ ከኩባንያው የሚያገኘው የለም፤ ዓይኑ ወደ እናንተ ኪስ ይዞራል። እንግዳው መሆኑ ከታወቀ ደግሞ የሁሉም ማስረጃ በእናንተ ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ነው። ከእንግዳው ቀጥሎ ቤቱን መጀመሪያ ያየ ሌላ ሰው የለምና።

ስለዚህ መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱ። ከበሩ ጀምራችሁ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጹ፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የተሰበረ ነገር ካለ ከሩቅም ከቅርብም አንሱት፤ ስብርባሪውንም አትጣሉ። በዚያው ሰዓት ለአከራዩ ወይም ለሥራ አስኪያጁ በዋትስአፕ ላኩ፦ «አሁን ገባሁ፣ ሶፋው ተቃጥሎ አገኘሁት» ብላችሁ። መልእክቱ ሰዓትና ቀን ይዞ ይቀመጣል። እንግዳው ረስቶት የሄደውን ፓስፖርት ወይም ልብስ ግን አትቅረጹ፤ የሰው ቤት ቲክቶክ ላይ መለጠፍማ ሌላ ጣጣ ነው። እናንተ ራሳችሁ ከሰበራችሁም በዕለቱ ተናገሩ፤ ሳምንት ቆይቶ ሲታወቅ ያላደረጋችሁትም ይጨመርበታል።

«የቆየውን ጭረት አዲስ ነው በይ» ብሎ የሚለምን አከራይም አይጠፋም። እሺ አትበሉ። በ2025 በኒው ዮርክ ማንሃተን አፓርታማ የተከራየች እንግዳ ከ12 ሺህ ፓውንድ በላይ የጉዳት ካሳ ተጠይቃ ነበር። የጠረጴዛው ስንጥቅ በሁለት ፎቶዎች ላይ የተለያየ ሆኖ ሲገኝና ፎቶዎቹ ተነካክተዋል ብላ ስትከራከር፣ ኩባንያው መጀመሪያ ክፈይ ካለ በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቧን መለሰላት። በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሐሰት ምስክር ሆና ስሟ የሚነሳ አጽጂ መሆን የሚፈልግ የለም።

ከደመወዛችሁ ሊቆረጥ ነው ከተባለ ደግሞ በትሕትና አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ማዳም፣ ለኩባንያው አመልክታችኋል ወይ? ምን መለሱ?» ካመለከቱና ከተከፈላቸው፣ ከእናንተም ከቆረጡ፣ ለአንድ ሶፋ ሁለት ጊዜ ተቀበሉ ማለት ነው። ካላመለከቱ ደግሞ እንግዳው የወጣበትን ቀን ቁጠሩ፤ 14ቱ ቀን ካላለፈ ቪዲዮውን እንደገና ላኩላቸው።