የአቶ እገሌ ባለቤት ለምን ሞቱ?

አቶ እገሌ ጉሮሯቸውን አመማቸው። ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ፔኒሲሊን ገዙና በራሳቸው ግምት ጥቂት ወሰዱ። የወሰዱት መጠን ተሕዋስያኑን ለመግደል የሚበቃ አልነበረም፤ መድኃኒቱን እንዲቋቋሙ ለማድረግ ግን በቂ ነበር። እነዚያው ተሕዋስያን ወደ ባለቤታቸው ተላለፉ። ወይዘሮዋን የሳንባ ምች ያዛቸው፤ ፔኒሲሊን ታዘዘላቸው፤ መድኃኒቱ አልሠራም። ሞቱ።

ይህ የተፈጸመ ታሪክ አይደለም። የፔኒሲሊን አግኚ የሆኑት የባክቴሪያ ተመራማሪ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ሽልማት ንግግራቸው ላይ ለማስጠንቀቂያ ያቀረቡት ምሳሌ ነው። ሰውየውን በስም አልጠሯቸውም፤ አቶ እገሌ ያልናቸው እኛ ነን። ባልና ሚስትን መምረጣቸው ተገቢ ይመስለናል፤ በአንድ ጣራ ሥር የአንዱ ተሕዋስ የሌላውም ነውና።

መድኃኒቱ ራሱ የተገኘው በብክለት ምክንያት መሆኑ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሌሚንግ ለንደን ወደሚገኘው የምርምር ክፍላቸው ከዕረፍት ሲመለሱ፣ ባክቴሪያ ካራቡባቸው ሳህኖች በአንዷ ላይ ሻጋታ በቅሎ አዩ። በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ጠፍተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ተበላሸች ብሎ ይጥላት ነበር።

ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲል ይሰማል። የሚለምደው ግን ሰውነት አይደለም። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ በተፈጥሮ ለውጥ ከሌሎቹ የተለዩ ይሆናሉ፤ ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኤንዛይም የሚሠሩም አሉ። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል ቦታው ለነዚህ ይለቀቅላቸዋል። አንዳንድ ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ይባስ ብሎ ችሎታውን ለጎረቤት ባክቴሪያ ያስተላልፋል።

ለባለትዳሮች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ጨብጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በትንሽ ፔኒሲሊን ይድን ነበር። እየዋለ ሲያድር መጠኑን መጨመር ግድ ሆነ። በ1976 ፔኒሲሊንን የሚሰባብር የጨብጥ ተሕዋስ ታወቀ። ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም በየተራቸው አቅም አጡ። በ2009 ደግሞ ጃፓን ውስጥ፣ ዛሬ ለጨብጥ በመርፌ የሚሰጠውን ሴፍትሪያክሶንን በእጅጉ የሚቋቋም ዓይነት ተገኘ።

እንግዲህ ባል «ነገሩ በቤት እንዳይሰማ» ብሎ ካፕሱል ገዝቶ ቢውጥ ምን ይሆናል? የእርሱ ሕመም ለጊዜው ረገብ ሊል ይችላል። ሚስት ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አይታይባትም። ተሕዋሱ ወደ ማሕፀንና ወደ እንቁላል መተላለፊያ ቱቦዎች ወጥቶ ጠባሳ ሊያስቀር፣ ልጅ ከመውለድም ሊያግዳት ይችላል። እርሱም ቢድን ከእርሷ መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለታችሁም አብራችሁ መመርመርና መታከም አለባችሁ፤ ከሕክምናው በኋላም ለ7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል።

ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ የሚነሰንስ፣ ከጎረቤት የተረፈውን የሚዋዋስ፣ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚገዛ ሰው ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ቫይረስን አይነኩም። ጥቅማቸው ከሌለ ጉዳታቸው ብቻ ይቀራል። መጠኑንም ሆነ የሚወሰድበትን ቀን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ሕመሙ ቶሎ ቢተዋችሁም ቀሪውን ከመተዋችሁ በፊት እርሱን ጠይቁ።

የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስዱ እናቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄም አለ፦ «አንቲባዮቲክ እንክብሉን ያከሽፍብኛል ወይ?» አብዛኞቹ አያከሽፉም። መድኃኒቱ የሚያስመልስ ወይም ብርቱ ተቅማጥ የሚያስከትል ከሆነ ግን እንክብሉ በሚገባ ላይሰርጽ ይችላልና ለጊዜው ኮንዶም ጨምሩ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ግን የተለየ ነው፤ የእንክብሉንም ሆነ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ይቀንሳል። ሉፕንና የሦስት ወሩን መርፌ አይነካም። ይህን መድኃኒት የጀመራችሁ እንደሆነ ቀጠሯችሁን ሳትጠብቁ ለነርሷ ንገሯት፤ ሌላ የሚስማማችሁን ትመርጥላችኋለች።