ስምንት ክር፣ ሁለት ጣት

በቦኖሻ በአንድ አጥቢያ ከመዘምራን ጋር ጊታር መጫወት ከጀመርሁ 15 ዓመት አልፎኛል። ወጣቶቹ ኮርድ ሲጠፋቸው ወደ እኔ ያያሉ። እንዲህ ለለመደ ሰው «አልችልም» ማለት ከባድ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ካገኘሁት ሁሉ ርካሽ የሆነውን የጀማሪ ማንዶሊን ገዛሁና ራሴ ጀማሪ ሆንሁ።

ገንዘቡ በርበሬ ሸጠን ለቤት ካስቀመጥነው ላይ የወጣ ነው። ለባለቤቴ የነገርኋት ዕቃው ከአዲስ አበባ ከመጣ በኋላ ነበር። አልጮኸችም፤ «ብትነግረኝ እከለክልህ ነበር ወይ?» ብላ ዝም አለች። ከጩኸት ይልቅ ይህ ከበደኝ።

የማንዶሊን ፍቅር ያደረብኝ በልጅነቴ ነው። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል የነበረው አርቲስት አየለ ማሞ በዚህ መሣሪያ የአገራችንን ቅኝት ሲጫወት በሬዲዮ እሰማ ነበር። መሣሪያው የመጣው ከጣሊያን ነው። ካህን የነበረው የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒዮ ቪቫልዲ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለማንዶሊን ኮንቼርቶ ጽፎለታል።

ማንዶሊን ስምንት ክሮች አሉት። እነዚህ አራት ጥንድ ናቸው፤ የአንድ ጥንድ ሁለት ክሮች አንድ ዓይነት ድምፅ ይቃኛሉ። ከወፍራሙ ሲጀመር ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ይባላሉ። የጊታር አራቱ ወፋፍራም ክሮች ደግሞ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ስለዚህ ጊታሪስት የሚያውቀውን ቅደም ተከተል ተገልብጦ ያገኘዋል። ጂ፣ ሲ እና ዲ ሜጀር የተባሉት ሦስት ኮርዶች እያንዳንዳቸው በሁለት ጣት ብቻ ይያዛሉ። ብዙ መዝሙር በእነዚህ ሦስት ይሄዳል።

ይህን አውቄ በኩራት ያዝሁት። በመጀመሪያው ማታ ግን ጣቶቼ ተላጡ። የክሩ ርዝመት የጊታርን ግማሽ ያህል ስለሆነ ፍሬቶቹ ተጠጋግተዋል፤ ወፍራም ጣቴ ጎረቤቱን ይነካል። ወደ አንገቱ ታች ስወርድ ደግሞ ድምፁ ከቅኝት ይወጣል። «ዕቃው የማይረባ ነው!» ብዬ አስቀመጥሁት። ባለቤቴም «ጊታሩን ስትጀምር ለቆሰለው ጣትህ ቅባት የምቀባህ እኔ አልነበርሁም?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ የዕቃውንና የእጄን ጥፋት ለየሁ። ርካሽ ማንዶሊን ለያዘ ሁሉ ይህ መፈተኛ ይጠቅማል። ክሩን ሳትጫኑ ምቱት፤ ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት። ሁለተኛው ድምፅ ያው ኖታ ሆኖ አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ አልፎ ከወጣ ብሪጁ ወደ ኋላ፣ ክሮቹ ወደ ታሰሩበት ጫፍ፣ በጥቂቱ መገፋት አለበት። በአብዛኛው ማንዶሊን ላይ ብሪጁ በሙጫ አልተጣበቀም፤ የያዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህ ክሮቹን ጥቂት አላሉ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ፤ ብሪጁ ይወድቃል። ክሮቹ ከፍ ካሉም ብዙ ብሪጆች ዝቅ የሚያደርጋቸው ትንሽ ብሎን አላቸው። መጀመሪያው ፍሬት ላይ መጫን እጅግ የሚከብድ ከሆነ ግን ክሮቹ የሚያልፉባቸው የራስጌ ቦዮች በቂ ጥልቀት የላቸውም ማለት ነው፤ እርሱን ጊታር ለሚጠግን ሰው ስጡ። ገና ሳትገዙም አንገቱ ቀጥ ማለቱን፣ መቃኛዎቹም አለመንሸራተታቸውን እዩ።

የእኔ ዕቃ ብሪጁ ጥቂት ሲገፋ ተስተካከለ። የቀረው ጥፋት የእጄ ነበር። የማንዶሊን ድምፅ ቶሎ ይጠፋል፤ ረጅም ኖታ ለመያዝ ፒኩን ወደ ታችና ወደ ላይ በፍጥነት ማመላለስ ያስፈልጋል። በጊታር ያልለመድሁት ስለሆነ ወራት ወሰደብኝ። ትዝታ ሜጀር ግን ቶሎ ገባኝ። ከጂ ሲጀመር ወፍራሙ ጥንድ ላይ ባዶውን፣ 2ኛውንና 4ኛውን ፍሬት፣ ቀጥሎ ባለው ጥንድ ላይ ባዶውንና 2ኛውን መምታት ነው፤ አምስቱ ኖታዎች እነዚሁ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ማንዶሊኑ ጊታሬን አልተካም። ወፍራም ድምፅ የለውም፤ ብቻውን ጉባኤን ለማዘመር ይሳሳል። ጊታር ኮርዱን ሲይዝ ግን ዜማው ከላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ያልጠበቅሁት ሌላ ነገርም አገኘሁ። የጊታር አንገት የሰፋባት ታናሿ ልጃችን ማንዶሊኑን አንሥታ በሁለት ትንንሽ ጣቶች ጂ ኮርድን ያዘች። አሁን አብረን እንለማመዳለን፤ ስሳሳት ታርመኛለች። በመጀመሪያ ደስ አላለኝም ነበር፤ ከመዘምራኑ ወጣቶች ፊትም «ይህን ገና እየተማርሁ ነው» ማለትን የለመድሁት ከእርሷ ጋር ነው።

ባሎች ሆይ፣ መሣሪያ ለመግዛት ስታስቡ መጀመሪያ ለሚስቶቻችሁ ንገሩ። አዲስ ክር ለመግዛት ጊዜው ሲደርስ እኔ አስቀድሜ ጠየቅሁ። ባለቤቴም ገንዘቡን ስትሰጠኝ «ለልጅቱም ፒክ ጨምርላት» አለችኝ።