የዳኛው ልጅ

በሐይፋ ወደብ አጠገብ፣ በፓልያም ጎዳና በቆመው የፍርድ ቤት ሕንጻ ውስጥ እንደ እኔ በአማርኛና በዕብራይስጥ መካከል በቱርጁማንነት ለሚያገለግል ሰው፣ ችሎቱ እስኪከፈት ድረስ በመተላለፊያው የሚቆይበት ጊዜ ከራሱ ከችሎቱ ይልቅ ብዙ ያስተምረዋል። በዚያ ነጠላ የደረቡ አንድ አዛውንት ቀረብ ይሉና፣ የማን ልጅ እንደ ሆንሁ፣ ወላጆቼም ከጎንደር ከየትኛው ወረዳ እንደ መጡ ጠይቀው የሩቅ ዝምድና ካገኙ በኋላ፣ «ልጄ፣ የምስክሩን ቃል ስታቀርብ እባክህ ጥቂት አለስልሰው፤ ተከሳሹ እኮ ወንድምህ ማለት ነው» ይሉኛል። እኔም «አባባ፣ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ከመናገር በቀር ሥልጣን የለኝም» እላለሁ። ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከላችን አይነሣም፤ ቢነሣማ እንቢ ማለት እጅግ በቀለለ ነበር።

ስለ ሥልጣንና ስለ ሙስና የሚሠሩት የቴሌቪዥን ድራማዎች አብዛኞቹ ይህን መተላለፊያ አያውቁትም። ሴረኛው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሴረኛ ነው፤ ተመልካቹም ራሱን ከእርሱ ለይቶ በሰላም ይተኛል። እንዲሁ በአገራችን በኢትዮጵያ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረኃብ ላይ ያነሣው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፣ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ፣ ሕዝቡ ኃጢአት ሁሉ በአንድ ግቢ አጥር ውስጥ የተከማቸ መስሎት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን እንዲህ አለመሆኑን በመራራ መንገድ አስረዳው።

ሮን ኒኒዮና ሽሎሞ ማሺያሕ የደረሱት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በዚህ በእስራኤል የታየው «ክቮዶ» የተባለው ተከታታይ ከሌሎቹ ይለያል። ዓመቱ በጉቦ ተፈርዶበት የነበረው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሁድ ኦልመርት ከወኅኒ የወጣበት፣ የአገሩም ወሬ ስለ ታላላቆቹ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ ደራስያኑ ግን ዓይናቸውን ወደ አንድ ቤት መለሱ። ዮራም ሐታብ የሚጫወተው ዳኛ በንጽሕናው የተመሰገነ፣ ወደ ከፍተኛውም ወንበር ለመውጣት የተቃረበ ሰው ነው። ልጁ በመኪና አንድ ሞተር ሳይክል ነጂ ገጭቶ ይሸሻል፤ የተገጨውም የወንበዴዎች ቤተ ሰብ ልጅ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ አባት ልጁን ከበቀል ለማዳን ሲል ዕድሜውን ሁሉ ያገለገለውን ፍትሕ ይክዳል። እንደ ሙያ ሰው እጅግ ያስደነገጠኝ ዳኛው መዋሸቱ ሳይሆን አዋዋሹ ነው፤ ማስረጃ እንዴት እንደሚጸና ከወንበሩ ላይ ሆኖ የተማረው ሰው፣ እንዴት እንደሚጠፋም ከማንም ይልቅ አሳምሮ ያውቃልና።

ሥራው በዚያው ዓመት በፓሪስ በተደረገው በሴሪ ማኒያ በዓል ታላቁን ሽልማት ተቀበለ፤ በ2020 አሜሪካኖች በብራያን ክራንስተን ተዋናይነት በኒው ኦርሊንስ ከተማ አድርገው ደገሙት፤ ሕንዶች፣ ፈረንሳዮችና ጣልያኖችም ተከተሉ። የአንድ አገር የሸንጎ ተንኰል ወደ ሌላው ቋንቋ ሲሻገር ብዙ ማብራሪያ ይሻል፤ ስለ ልጁ የሚንቀጠቀጥ አባት ግን ቱርጁማን አያሻውም።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን በቤርሳቤህ ፈራጆች አድርጎ እንደ ሾማቸው፣ እነርሱም መማለጃ እየተቀበሉ ፍርድን እንዳጣመሙ፣ የእስራኤልም ሽማግሌዎች በዚህ ተማርረው ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው እንደ ለመኑት በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በስምንተኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ሳሙኤልም ንጉሡ ልጆቻቸውን፣ እርሻቸውንና ወይናቸውን እንደሚወስድባቸው ቢነግራቸውም አልሰሙትም። ስለ ሥልጣን የሚደርሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከንጉሡ ይጀምራሉ፤ እኔን የሚያጓጓኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሳሙኤል የልጆቹን ጠባይ ሳያውቅ ሾሟቸው እንደ ሆነ፣ ወይስ እያወቀ በአባትነቱ ተሸንፎ እንደ ሆነ መጽሐፉ አይናገርም፤ ከእኛ ደራስያን አንዱ በዚህ ዝምታ ገብቶ በአማርኛ ተከታታይ ቢደርስ፣ እኔ በበኩሌ አንዱንም ክፍል አላሳልፍም።