«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት፦ ስለ ርቀት ጥሪ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታቸው

ጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 766 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ወደ ጎግ ወረዳ የሚሄድ ሰው ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በወረዳው ዋና ከተማ በፑኝዶ ክፍያ የሚፈጽም ወይም መታወቂያ የሚያረጋግጥ ሠራተኛ ቁልፍ ሲጫን፣ ሥራው የሚከናወነው በጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ሩቅ ባለ ሰርቨር ነው። አንድ ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለን ፈንክሽን ጠርቶ መልስ ሲጠብቅ ባለሙያዎቹ የርቀት ጥሪ ይሉታል። ጠሪው የሚያውቀው ኢንተርፌሱን፣ ማለትም ምን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚመለስ የሚወስነውን ውል ብቻ ነው። ውሉን የጻፈው ሰው የጎግን መስመር ካላሰበ ዋጋውን የሚከፍለው መስኮቱ ፊት የተሰለፈው ባለጉዳይ ነው።

ተረት፦ ጥሩ ኢንተርፌስ የርቀት ጥሪን እዚያው እንዳለ ፈንክሽን ያስመስለዋል

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። አንድሪው ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ፓርክ ምርምር ማዕከል ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ጥናት ዓላማው ይኸው ነበር፤ ፕሮግራመሩ ስለ ኔትወርክ ሳይጨነቅ ሥራውን እንዲሠራ። ብዙ ሰዎችን ከአድካሚ ሥራ ገላግሏል። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ጂም ዋልዶና ሦስት ባልደረቦቹ በሰን ማይክሮሲስተምስ ሆነው ልዩነቱን መደበቅ አደገኛ መሆኑን አስረዱ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ጥሪ በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍልፋዮች ያልቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ገመዱ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ እንኳ ከጋምቤላ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ይህም በሚሊዮን እጥፍ የሚቆጠር ልዩነት ነው። መስመሩ በሳተላይት ከሆነ፣ የመንግሥት ኔትወርክ የሆነው ወረዳኔት ሩቅ ወረዳዎችን ያገናኝ እንደነበረው፣ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ እያለ በ20 ጥሪ 20 መረጃ የሚጠይቅ ኢንተርፌስ በዚህ መስመር 10 ሰከንድ ያስጠብቃል። ሁሉንም በአንድ ጥሪ የሚያመጣው በግማሽ ሰከንድ ይጨርሳል። መስመር ቢስፋፋም ይህ መዘግየት አይቀንስም፤ ወሳኙ የውሉ አሠራር ነው።

ተረት፦ መልስ ካልመጣ ሥራው አልተሠራም

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ገንዘብ ያስጠፋል። እንበል፣ በፑኝዶ አንድ ገንዘብ ከፋይ 500 ብር ወደ አንድ ሒሳብ ላከ። ስክሪኑ ጥቂት ዞሮ ቆመ፤ «ኔትወርክ የለም» አለ። ምን ተከሰተ? ጥያቄው ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደርሶ ሰርቨሩ ከመሥራቱ በፊት ወድቆ ሊሆንም ይችላል። ወይም ክፍያው ተፈጽሞ መልሱ በመንገድ ጠፍቷል። ሦስቱም ለከፋዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከእሱ ወገን ሆኖ የሚለይበት መንገድ የለውም። ደግሞ ከተጫነ ምናልባት 1,000 ብር ሄደ። ካልተጫነ ምናልባት ምንም አልሄደም።

ቢሬልና ኔልሰን ራሳቸው ይህን አልደበቁም። መልስ ከመጣ ሥራው በትክክል አንድ ጊዜ ተሠርቷል፤ ስህተት ከመጣ ግን ወይ አንድ ጊዜ ተሠርቷል ወይ ጨርሶ አልተሠራም ብለው ጽፈዋል። ከእነሱ በኋላ የመጡ ብዙ ኢንተርፌሶች ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሁለተኛውን ጣሉ፤ «ክፈል» የሚለው ፈንክሽን «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ እንዲመልስ አደረጉ። እውነተኛው መልስ ሦስት ነው፦ ተከፍሏል፣ አልተከፈለም፣ አልታወቀም። ሦስተኛው በውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ፕሮግራመሩ ስክሪኑ ላይ «አልተሳካም» ብሎ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛው ያልተረጋገጠ ነገር ይነገረዋል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ጥያቄው ከመላኩ በፊት፣ እዚያው ፑኝዶ ባለው መሣሪያ፣ ልዩ የጥያቄ ቁጥር ይሰጠው። ሰርቨሩ ቁጥሩን ከውጤቱ ጋር ይመዝግብ። ያው ቁጥር ዳግም ሲመጣ ክፍያውን ሳይደግም የመጀመሪያውን መልስ ይመልስ። ያን ጊዜ ሠራተኛው ቁልፉን አሥር ጊዜ ቢጫንም የሚሄደው 500 ብር ነው። ይህ ቁጥር በኢንተርፌሱ ላይ ግዴታ መሆን አለበት፤ «ከፈለጉ ይሙሉ» ከተባለ የሚሞላው አይኖርም።

ተረት፦ ጠሪው ውጤቱን ይዞ ካልተመለሰ አገልግሎት አይባልም

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ተቃራኒውን ያሳያል። በዚህ ሥርዓት የምዝገባው መሣሪያ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታም ይሠራል። የጣት አሻራውንና የዓይን ምስሉን ወስዶ፣ መረጃውን መስጥሮ ያስቀምጣል፤ ለተመዝጋቢው የማመልከቻ ቁጥር ያለበት ማረጋገጫ ይሰጣል። መስመር ሲገኝ ጥቅሉ ይላካል፤ ሰውየው ቀደም ብሎ አለመመዝገቡ በማዕከል ተጣርቶ ቋሚ ቁጥሩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ውሉ «ቁጥር ስጠኝ» አይልም። «ይህን ተረከብ» ይላል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ቆይቶ «ከምን ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝናብ መንገድ በሚዘጋበትና መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም።

ተረት፦ አብስትራክት፣ ማለትም ዝርዝሩን የሚደብቅ፣ ኢንተርፌስ ሁሉን የሚውጥ አንድ በር ነው

«አስፈጽም» የሚል አንድ ፈንክሽን አበጅቶ የሥራውን ስምና ዝርዝሩን እንደ ጽሑፍ መላክ ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ የፊደል ስህተት ግን ኮዱ ሲጻፍ ሳይሆን ባለጉዳይ ፊት ይገለጣል። ሊደበቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ ሰርቨሩ የት እንዳለ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ መልእክቱ በኤችቲቲፒ ይሂድ በጂአርፒሲ ወይስ በኤስኤምኤስ። መዘግየት፣ የጊዜ ገደብና «አልታወቀም» ግን በግልጽ ይታዩ።

እንዲህ ከሰርቨሩ የተነጠለ ኢንተርፌስ ሌላም ጥቅም አለው። ከበስተጀርባው ያለውን እውነተኛ ሰርቨር አውጥቶ በምትኩ ሆን ብሎ የሚዘገይ፣ ሥራውን ሠርቶ መልሱን የሚጥል፣ አንዱን ጥያቄ ሁለቴ የሚያደርስ የመሞከሪያ ሰርቨር መተካት ይቻላል። የጠሪው ኮድ አንድ መስመር አይቀየርም። ይህ ሙከራ ፋይበር በተዘረጋለት የአዲስ አበባ ቢሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ነው፤ መሠራት ያለበትም ሶፍትዌሩ ወደ ጎግ ከመላኩ በፊት ነው።