ለጊታር የድምፅ ማጉያ ሲመረጥ

ብሉዝና የቀድሞውን ሮክ በኤሌክትሪክ ጊታር ለመጫወት የሚሻ ሰው፥ ማጉያ ከመግዛቱ በፊት የሚጫወትበትን ክፍል ይመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ጂም ማርሻል በለንደን ማጉያ መሥራት ሲጀምር፥ የአሜሪካውን የፌንደር ቤዝማን አሠራር ተከትሎ ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት በመስታወት ቫልቭ ነው። ቫልቭ እስከ አቅሙ ጫፍ ሲገፋ ድምፁ ሻከር ይላል፤ የብሉዝም ጣዕም ከዚሁ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ባለ 100 ዋት ማጉያ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ቤቱን አናውጦ፥ የተኛውን ሕፃን ቀስቅሶ፥ ጎረቤትንም አስቆጥቶ ነው። ባለ 10 ዋቱ ለጆሮ የዚህን ግማሽ ያህል ይሰማል እንጂ አንድ አሥረኛውን አይደለም። ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት ባለ 5 ዋቱ እንኳ ይበቃል። ገዢው የራሱን ጊታር ይዞ ሄዶ ይሞክር፤ ማጉያው በልክ ከተመረጠ ጨዋታውም የቤቱም ሰላም አብረው ይኖራሉ።