የሹፌሩን ቪዛ ማን ይከፍላል?

ጅቡቲ ወደብ ላይ የተጫነ የእርዳታ ስንዴ ዋግ ኽምራ እስኪደርስ ጋላፊን፣ ሚሌንና ወልድያን ማለፍ አለበት። ከዋግ የሚሰደደው ወጣት ደግሞ መንገዱን ተገላቢጦሽ ይወርደዋል፤ ከደጋው ወደ ቆላው፣ ከአፋር ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግሩ ወደ ሳዑዲ። ስንዴ የጫነው መኪና ሽቅብ፣ ልጁ ቁልቁል፣ አንዳንዴም እዚያው አስፋልት ላይ ይተላለፋሉ። ሹፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ የጭነት ሰነድና አበል አለው። ልጁ ያለው የደላላ ስልክ ቁጥር ነው። ሹፌርነት በዋግ ከተማ በሰቆጣ ባለ ወጣት ዘንድ ትልቅ ሥራ ሆኖ ቢታይ ምን ይገርማል?

ዋግ ለጭነት ሥራ ባዕድ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰቆጣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከታወቁት የአሞሌ ጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ሲራራ ነጋዴው ከአፋር ቆላ የወጣውን ጨው በበቅሎና በአህያ አምጥቶ እዚያ ያራግፍ ነበር። ዛሬ ያ ንግድ የለም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 720 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1966ቱም በ1977ቱም ረኀብ ተመትታ፣ በቅርቡ ጦርነት ተፈናቃይ አስጠግታ፣ በ2016 ደግሞ የዝቋላ፣ የሳህላና የአበርገሌ ድርቅ ተጨምሮባት የምትኖር ናት። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 የተገባው አገራዊ ቃል ኪዳን በስሟ መጠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንዲህ ባለ ቦታ «የውጭ አገር የሹፌር ቪዛ» የሚለው ወሬ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይገባል። ካናዳ፣ ፖላንድ፣ ከባድ መኪና፣ ጥሩ ደመወዝ፣ ልምድ የማይጠይቅ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ለማስተባበል አያስቸግርም ነበር። የሚያስቸግረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የመንገድ ትራንስፖርት ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ጥናቱ በሸፈናቸው 36 አገሮች 3.6 ሚሊዮን የሹፌር ቦታ ሰው አጥቶ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ነው። የአውሮፓ ሹፌሮች አርጅተዋል፤ ወጣቱም ሳምንቱን ሙሉ ጋቢና ውስጥ የሚያድርበትን ሥራ አይፈልገውም።

እንግሊዝ በ2014 መስከረም ማደያዎቿ በሰልፍ ሲጨናነቁ 5 ሺህ ጊዜያዊ ቪዛ ለውጭ አገር የጭነት ሹፌሮች አዘጋጅታ ነበር። ቪዛው የጥቂት ወራት ዕድሜ ብቻ ስለነበረው የታሰበውን ያህል ፈላጊ አላገኘም። ቤቱን ዘግቶ፣ ሥራውን ለቆ ለጥቂት ወራት የሚሄድ ሹፌር ከየት ይመጣል? ቪዛ መኖሩ ብቻውን ሥራ እንደማይሆን ያኔ በይፋ ታይቷል።

እኛ አገር ሥራ ፈላጊውን ወደ ውጭ የሚልከው ሕግ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው፤ በ2013 በአዋጅ 1246 ተሻሽሏል። አዋጁ ወጪውን ለሁለት ይከፍለዋል። የመግቢያ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ኢንሹራንስ የአሠሪው ናቸው። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለጤና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት የምስክር ወረቀትና ለሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ «የቪዛውን ግማሽ አሁን፣ ግማሹን ስትገባ» የሚለው የደላላ ዋጋ ውድ ነው ወይስ ርካሽ ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ሠራተኛው ጭራሽ ሊጠየቀው የማይገባ ሒሳብ ነው። ሰቆጣ መናኸሪያ ላይ ይህን የሚያውቅ ስንት ወጣት አለ? እኔ ብዙ ነው ብዬ አላምንም፤ ጥፋቱም የወጣቱ አይመስለኝም።

ደላላው ከሚያሳያቸው የቅጥር ወረቀቶች አንዱን ቀረብ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። አርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የሰዓት ክፍያ አለው፣ ከታች ደግሞ የማንም ሰው ሊሆን የሚችል የጂሜይል አድራሻ። የሌለው ነገር የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ ነው። እውነተኛ የትራንስፖርት ድርጅት ከሁሉ በፊት የሚያነሣው እሱን ነበር፤ ምን ደረጃ ነው፣ ስንት ዓመት ተነድቶበታል፣ ተሳቢ ይዘህ ታውቃለህ፣ ደረቅ ነው ፈሳሽ? ሐሰተኛው ወረቀት የሚጠይቀው የፓስፖርቱን ፎቶ ኮፒና ገንዘቡን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የጉዳዩ ውል ያለው። በአውሮፓ ኅብረት ከባድ መኪና ለሥራ የሚነዳ ሰው ከመንጃ ፈቃዱ ሌላ የሙያ ብቃት ሊኖረው ይገባል። መደበኛው ሥልጠና 280 ሰዓት፣ የተፋጠነው 140 ሰዓት ሲሆን፣ በየአምስት ዓመቱ 35 ሰዓት ማደሻ ይጨመርበታል። ካለፈ በፈቃዱ ላይ 95 የሚል ኮድ ይጻፍለታል። የእኛ አገር ፈቃድ እዚያ በቀጥታ አይሠራም፤ እንደ አገሩ መለወጥ ወይም እንደገና መፈተን የግድ ነው። ቋንቋው ደግሞ አለ።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ። እዚያ ሹፌር የሚወለደው ከረዳትነት ነው። ረዳቱ ጭነት ያስራል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ ይወትፋል፣ ሌሊት ከመኪናው ሥር ተኝቶ ጭነት ይጠብቃል። ሹፌሩ ደግ ከሆነ ሜዳ ላይ መሪ ያስይዘዋል። ከዚያ በኋላ ነው የማሠልጠኛ ክፍያ፣ ትምህርት ቤቱ ያለበት ከተማ የሚከፈል የቤት ኪራይና ፈተና የሚመጣው። መንጃ ፈቃዱ ከወጣም ከአነስተኛው የጭነት መኪና ወደ ተሳቢ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ደላላው ይህን ሁሉ ዘሎ የመጨረሻውን ወረቀት መጀመሪያ ይሸጣል።

«አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችንስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከሲያትል እስከ ዴንቨር ትራክ የሚነዱ፣ የራሳቸውን መኪና ገዝተው ሎድ የሚያነሡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ግን አብዛኞቹ የገቡት በሹፌር ቪዛ ሳይሆን በዲቪ፣ በቤተሰብ ወይም በጥገኝነት ነው፤ ሲዲኤል የሚባለውን የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጡት እዚያው ከደረሱ በኋላ ነው። ያም በር እየጠበበ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሰዎች ከሞቱበት የከባድ መኪና አደጋ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ለንግድ ከባድ መኪና ሹፌሮች የሚሰጠው የሥራ ቪዛ መቆሙን አስታወቁ። በመስከረም 2018 ደግሞ የሥራ ፈቃድ ብቻ ይዘው ሲዲኤል ያወጡ በርካታ የውጭ ዜጎችን የሚያስቀር ደንብ ወጣ፤ በኅዳር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለጊዜው አገደው። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ፣ ለመኪናቸው ብድር ያለባቸው ሰዎች እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፏቸው መገመት ነው።

መንግሥታችንስ ምን ሠራ? በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ታገደ፤ እገዳው በ2010 ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የተፈረሙት የሠራተኛ ስምምነቶች በዋናነት ከዓረብ አገሮች ጋር ናቸው፤ በተግባር የሚያስኬዱትም በአመዛኙ የቤት ሠራተኛ ሴቶችን ነው። በ2015 ወደ ሳዑዲ 500 ሺህ ሠራተኞች ለመላክ ሲታቀድ የተፈለጉት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ወንዱ የዋግ ወጣት ከዚህ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው፤ የቀረው መንገድ የየመኑ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2014 ጀምሮ በዓመት ከሦስት ወር ገደማ ውስጥ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ገልጿል።

ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለሹፌሮች በር እከፍታለሁ ካለ፣ ከቪዛ ኮታ በፊት የመንጃ ፈቃድ እውቅና መደራደር አለበት። ለዚህ ደግሞ እዚህ የሚሰጠው ፈቃድ በገንዘብ የሚገኝ አለመሆኑን ሌላውን ወገን ማሳመን ያስፈልጋል፤ ይህን ቃል ዛሬ ደፍሮ የሚገባ ባለሥልጣን ብናገኝ ደስ ይለኛል። ሌላው አገር ሁሉንም ሰው ይቀበል ማለት አይቻልም፤ የራሳችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ እንዲታደስ፣ አያስፈልግም ከተባለም እንዲሰረዝ ያደርጋል።

እስከዚያው፣ በሕጋዊ የሥራ ስምሪት ኤጀንሲ በኩል ለተመዘገበ ሠራተኛ አንድ ዋስትና አለ። ያለ ጥፋቱ ጉዞው ከቀረ ለጤና ምርመራና ለመሰል ጉዳዮች ያወጣውን ኤጀንሲው ይተካለታል፤ ኤጀንሲው ፈቃድ የሚያገኘውም 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን በዋስትና አስይዞ ነው። ቴሌግራም ላይ ገንዘብ የተቀበለው ደላላ ያስያዘው ዋስትና የለም። እሱን መክሰስ የሚቻለው ሰውን ወደ ውጭ በሕገ ወጥ መንገድ መላክን በሚቀጣው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወይም በማታለል ወንጀል ነው፤ ለዚያም ልጁ የከፈለበትን የባንክ ደረሰኝና የተላከለትን መልእክት ሳያጠፋ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መቅረብ ይኖርበታል።