«እኔ እኮ ፍሬን አልረገጥኩም!»

ጓደኛዬ ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ የተናገረው ይሄን ነው። እውነቱን ነበር። ፍሬን የያዘችው መኪናዋ ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር ከባኮ ወደ ነቀምቴ ስንመለስ የአጎቴ አሮጌ መኪና መንገድ ላይ ጠፋች፤ አልነሳም አለች። ጓደኛዬ አዲስ መኪናውን ይዞ ደረሰልን። መኪና ጭኖ የሚወስድ መኪና እንጥራ ስንለው አጎቴ ዋጋውን ሰምቶ ሳቀ። «ገመድ እያለ?» አለ። እኔም የኢኮኖሚክስ ተመራቂው ነፃ ነገር ደስ አለኝና ዝም አልኩ። በአራት ሜትር ገመድ አስረን ጉዞ ጀመርን።

ሲሬ ከተማ ልንገባ ስንል አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ሊያነሳ ከፊት ቀጥ አለ። ጓደኛዬ አይቶታል፤ ቀስ ብሎ በግራ ሊያልፈው ነው ያሰበው። መኪናዋ ግን አልጠበቀችውም። ጮኸች፣ ወዲያው ፍሬኗን ግጥም አደረገች። አጎቴ «ያ ዋቃ!» እያለ ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነበት። ሄደን ተላተምን። የእኛ ራዲያተር ፈሰሰ፣ የጓደኛዬ መኪና ኋላዋ ገባ፣ የአጎቴ ጉልበት አበጠ። ባጃጁ? ተሳፋሪውን ጭኖ ሄደ።

ይህ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ክፉ ነገር አይደለም። በራዳርና በካሜራ ከፊት ያለውን ያያል፤ ግጭት የማይቀር ሲመስለው ያስጠነቅቃል፣ ሹፌሩ ካልደረሰ ራሱ ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርጎታል። እኛም አገር በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በሚገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ እየተለመደ ነው።

ችግሩ ፍሬኑ የሚያስበው ከፊት ስላለው ብቻ መሆኑ ነው። ከኋላ ሰው በገመድ መታሰሩን አያውቅም። ሒሳቡን እንሥራው፦ የፊተኛው መኪና በሙሉ ኃይሉ ፍሬን ሲይዝ አራት ሜትር ክፍተት በአንድ ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስም አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑንና መሪውን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይጠፋል። የከባድ መኪና ተሳቢ የራሱ ፍሬን አለው፤ የአየር ቱቦው ቢበጠስ እንኳ በራሱ ይይዛል። ገመድ ግን ይጎትታል እንጂ አያቆምም።

ክፍል ውስጥ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ አንዱ ያተረፈበትን ሌላው የሚከፍልለት ወጪ። የእኛ ገመድ ነፃ የመሰለን ለዚህ ነው። ለጋራዥ የከፈልነው ለማስጫኛ ከተጠየቅነው በብዙ በለጠ። መሀል ላይ እግረኛ ገብቶ ቢሆን ደግሞ ሒሳቡን እኛ አንከፍለውም ነበር።

እና ምን ይሻላል? ከቻላችሁ አስጭኑ። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነማ ምርጫ የላችሁም፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ሊበላሽ ይችላል። መጎተት የግድ ከሆነ፣ ቶዮታን ጨምሮ አምራቾች መኪናው ሲጎትትም ሲጎተትም ይህን ፍሬን አጥፉ ይላሉ። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ የስልካችሁ ካሜራ ይተረጉምላችኋል። አጥፍታችሁት መኪናውን እንደገና ስታስነሱ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበራል፤ ደግማችሁ እዩት። ከገመድ ይልቅ የመጎተቻ ብረት ተጠቀሙ፤ ርቀቱን ይጠብቃል። የሚጎተተው ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ ይከፈት፣ አራቱም ፍሬቻ ይብራ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄዱ እንዳለው የደዴሳ ቁልቁለት ዓይነት ቦታ ላይ ግን ገመድ የሚባል ነገር አታስቡ።

ጓደኛዬ አሁንም መኪናውን ይወዳታል፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን ሲነዳ አንዴ አድናዋለች። አጎቴም ገመዱን አልጣለውም። ዛሬ ጊደር ታስሮበታል። ድሮም ሥራው እሱ ነበር።